የጋሽ ጽዱ ቅጠል

ጋሽ ጽዱ የወጣለት ስም ነው እንጂ እናቱ ያወጣችለት አይደለም፤ እሱ ግን እንደ ማዕረግ ተቀብሎታል። ገና ሲነጋ መጥረጊያውን ይዞ ከካካዎ ዛፎቹ ስር ይገባል፤ አንዲት የወደቀች ቅጠል ካየ ቁርስ አይወርድለትም። አንድ የዋህ እንግዳ እንዲያውም ጫማውን አውልቆ ነው እርሻው የገባው። ሃያ ሁለት ዓመት እንዲህ ኖረ።

የጠረገውን ቅጠል አጥር አሻግሮ የሚስቱ ወንድም እርሻ ላይ ይደፋዋል። የሚስቱን ወንድም ሰዉ ጋደም ይለዋል፤ ለምን እንደሆነ ማወቅ የፈለገ በማንኛውም ሰዓት ሄዶ ምንጣፉ ላይ ያገኘዋል። "እሱ እንደሆነ ለቆሻሻ ደንታ የለው" ይላል ጋሽ ጽዱ፣ ቅርጫቱን እያራገፈ። ጋደምም አንድ ቀን ተነስቶ ለምን ብሎት አያውቅም።

ችግሩ የጋሽ ጽዱ ዛፎች ያብባሉ እንጂ እምብዛም አያፈሩም። አበባው ይረግፋል፣ እሱም ይጠርገዋል። ጥፋቱን አንዴ በዝናቡ፣ አንዴ በችግኝ ሻጩ ያላክካል፤ ሲብስበት በሚስቱ። "የመሃሉን ረድፍ አሳምረሽ ስለማትጠርጊ ነው" ይላታል። እሷም ወገቧን ይዛ ትጠርጋለች።

ዘንድሮ አንድ ቸኮሌት ፋብሪካ መጣ። ካካዎ የሚገዛው ከዚህ ሸለቆ ብቻ ነው፣ ከሌላ አገር ካካዎ ጋር አይቀላቅልም፤ ዋጋውም እጥፍ ነው። የሚፈልገው አንድ ነገር፣ እርሻው ለዱር እንስሳት መጠለያ እንዲሆን ነው። የድሮው ነጋዴ ደግሞ ለጋሽ ጽዱ "ለአንድ ኩንታል ብዬ መኪና አላቆምም" ብሎታል። እንግዲህ ከፋብሪካው መዝገብ ካልገባ የሚቀረው እርሻውን መሸጥ ነው።

የፋብሪካው ባለሙያ በመጣችበት ቀን ሁለት ጊዜ ጠረገ። ሚስቱም ውሃ ረጨችለት። ባለሙያዋ ገብታ ዙሪያዋን አየች።

"አባቴ፣ እዚህ ምን ምን ይኖራል?"

"ምንም" አለ ደረቱን ነፍቶ። "ጉንዳን እንኳ ድርሽ አትልም።"

እሷ ጎንበስ ብላ መሬቱን ዳሰሰች። "የካካዎ አበባ ፍሬ የሚይዘው ትንንሽ ትንኞች ሲያርፉበት ነው። የሚፈለፈሉት ደግሞ ወድቆ በረጠበ ቅጠል ውስጥ ነው። እርስዎ ሲጠርጉ የኖሩት ቤታቸውን ነው።"

ከዚያ አጥሩን ተሻገረች። ቅጠሉ ቁርጭምጭሚቷን ዋጠው። እንቁራሪት ዘለለ፣ ወፍ ከጎጆዋ ተነሳች፤ ግንዱ ሁሉ ፍሬ ተሸክሟል። ጋደም ለእንግዳ ክብር ሲል ቁጭ ብሏል።

"ይሄን ሁሉ ቅጠል እንዴት አከማቹት?"

"እኔማ ምንም አላደረግሁ" አለ። እውነቱን ነው። ወዲያው በአንደኛ ደረጃ ተመዘገበ።

"ቅጠሉ የኔ ነው" አለ ጋሽ ጽዱ ከአጥር ማዶ።

"እንግዲያው መሬትዎን መልሰው ያልብሱት" አለችው። "ከክረምት በኋላ መጥቼ አያለሁ።"

ከሰዓት በኋላውን ደጃፉ ላይ ተቀምጦ ዋለ። "ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ በገዛ እጄ" አለ።

"በሁለታችን እጅ" አለች ሚስቱ። "የኔ ወገብ የት ሄደና።" አፈረ፤ ቀና ብሎ ሊያያት አልቻለም።

በማግስቱ ቅርጫቱን ይዞ ተሻገረ፤ ሚስቱም ሌላ ቅርጫት ይዛ ተከተለችው። ለዚያ ሰነፍ ምን ብሎ እንደሚጀምርለት ሌሊቱን ሲያሰላስል አድሯል። "አንድ ነገር ልለምንህ መጥቼ ነበር" አለ።

"ቅጠሉን ነው? ውሰድ እንጂ ጋሼ። ያንተው አይደል፣ ያስቀመጥኩልህ።"

ከዚያ ሰፈሩ አይቶት የማያውቀው ነገር ሆነ፤ ጋደም ተነሳ። ቅርጫቱን ከእህቱ እጅ ተቀብሎ ምንጣፉን አሳያት። "አንቺ እዚያ አረፍ በይ" አላት። "እኔ በቂ አርፌያለሁ።"

ሁለቱ ወንዶች እስከ ቀትር ቅጠል አመላለሱ። ጋሽ ጽዱ ዛፎቹ ስር እየበተነ ሳለ እጁ አላስችል ብሎት ጠርዙን ማስተካከል ጀመረ።

"ተወው እንዳለ" አለች ሚስቱ፣ ከአጥር ማዶ ምንጣፉ ላይ እንደተንጋለለች።

ተወው። ትንሽ ቆይቶ ዘወር ሲል እንቅልፍ ወስዷታል፤ ፊቷ ላይ አንዲት ቅጠል ወድቃለች። አጥሩን ተሻግሮ ያቺን ቅጠል ብቻ ቀስ ብሎ አነሳት።