የመሪጌታው ጣትና ረጅሙ ቃል

በባቡር አዳማ የወረደው እንግሊዛዊ እስከ ቡልቡላ አብሮት የሚሄድ አስተርጓሚ ይፈልግ ነበር። ሁለት ሰዎች ቀረብን። በእንግሊዝኛ የተጻፈውን የሥራውን ውል ግልባጭ ሰጠንና፣ «ነገ ጧት ሳይደናቀፍ ጮክ ብሎ የሚያነብልኝን እወስዳለሁ» አለን። ሥራ ካጣሁ ወራት አልፈውኝ ነበር፤ እናቴ ደግሞ ከእኔ በቀር ጧሪ አልነበራትም።

አዲስ አበባ የቀሰምሁት እንግሊዝኛ ለአጫጭር ቃላት ይበቃ ነበር። ውሉ መካከል ግን አንድ ረጅም ቃል ተጋድሞ ጠበቀኝ፦ ኖትዊዝስታንዲንግ። ትርጉሙን አውቃለሁ፤ ድምፁ የት ተነሥቶ የት እንደሚወርድ አላውቅም። በአንድ ትንፋሽ ስለው አፌ ውስጥ ይፈራርሳል።

እንግሊዝኛ የሚያውቀውን ባንያን፣ ሕንዳዊውን ጨርቅ ሻጭ፣ ለመንሁት። አቡጀዲ እየለካ አንድ ጊዜ ብቻ፣ በችኮላ አለልኝ። አልያዝሁትም።

«እባክህ ድገምልኝ።»

«እኔ ጨርቅ ነው የምሸጥ!» ብሎ ጀርባውን ሰጠኝ።

ሱቁ በራፍ ላይ፣ በልጅነቴ ንባብ ያስተማሩኝ መሪጌታ ቆመው ነበር። ከግእዝ፣ ከአማርኛና ከኦሮምኛ በቀር ሌላ ቋንቋ አያውቁም፤ ይህን አጣርቼ ነው የምጽፈው።

«ምን አስጨነቀህ፣ ልጄ?»

«አንድ የእንግሊዝ ቃል ነው፣ የኔታ።»

«ባንያኑ አሁን ያለውን ነው? ቁጭ በል።»

ደንጊያ ላይ ተቀመጥን። ዳዊት ሲያስነብቡኝ እንደሚያደርጉት ጣታቸውን ጉልበቴ ላይ አሳረፉ። ኖት፤ መታ አደረጉኝ። ዊዝ፤ ቀለል አለ። ስታን ሲሉ ጣታቸው ጠልቆ ወጋኝ፤ ዲንግ ላይ ተንሸራቶ ወረደ። ባንያኑ አንዴ ያለውን፣ ልክ እንዳለው።

«እንደ ግእዙ ሰያፍ ንባብ ነው» አሉ። «ድምፁ የሚነሣው ከመጨረሻው በፊት ነው። መጨረሻውን ከጫንኸው ይሞትብሃል።»

«እንግሊዝም ሰያፍ አለው?»

«አፍ የለውም እንዴ? ይልቅ በል!»

ጉልበቴ እስኪቀላ አስደገሙኝ።

በማግሥቱ ተወዳዳሪዬ ቀድሞ አነበበ፤ እዚያው ቃል ላይ ሦስት ጊዜ ጀምሮ ሦስት ጊዜ ወደቀ። እኔ አለፍሁት። እንግሊዛዊው ቀና ብሎ አየኝና በእጁ ወደ በቅሎዎቹ አመለከተኝ።

ልሰናበታቸው ስሄድ መሪጌታው ቃሉ ምን ማለት እንደ ሆነ ጠየቁኝ።

«‹ምንም እንኳ› ማለት ነው፣ የኔታ።»

«ለምንም እንኳ ነው እንዲህ ያለፋኸኝ!» ብለው ከት ብለው ሣቁ።

እኔ መሣቅ አቃተኝ። በሥራዬ ከዚያ ወዲህ ብዙ ሊቃውንት አነጋግሬአለሁ፤ የማያውቀውን ቋንቋ ቃል አንዴ ሰምቶ እንዲያ የፈታ፣ መልሶም የገጠመ ግን አላየሁም። ጎንበስ ብዬ ጉልበታቸውን ሳምሁና ወደ በቅሎዬ ሄድሁ።