የሁለቱ መሐመዶች ፋይል

ከቤት የወጣነው ሰዓት እላፊው እንዳበቃ፣ ገና ሳይነጋ ነው። ቤታችን ኦሎምፒያ አካባቢ ስለነበር አውሮፕላን ማረፊያው ሩቅ አይደለም፤ አባቴ ግን አውሮፕላኑ ጥሎኝ የሚሄድ መስሎት ሻንጣዬን ትከሻው ላይ አድርጎ ይሮጣል፣ እኔና እናቴ ከኋላ ከኋላው። በር ላይ ስንለያይ እናቴ ዱዓ አደረገችልኝ። አባቴ፣ ዘሃራ፣ የመንግሥት ዕድል ነው ያገኘሽው፣ አንገትሽን ደፍተሽ ተማሪ አለኝ። ከላይ ሆኜ የቡልቡላን የጤፍ ማሳ አየሁት፤ ገና አረንጓዴ ነበር። ከዚያ ደመና ሸፈነው።

የሄድኩት ቡዳፔስት ነው፣ የንግድ ሥራ ልማር። የመጀመሪያው ዓመት ቋንቋ ብቻ ነው። ስለ ብርዱ ምን ልንገራችሁ፤ የሐምሌን ብርድ ብርድ ስንል የኖርን ሰዎች ነን። ምግባቸው ላይ በርበሬ የመሰለ ቀይ ዱቄት ይነሰንሳሉ፣ ፓፕሪካ ይሉታል። ሳየው አገሬ የደረስኩ መስሎኝ አፌን ሞልቼ ጎረስኩ፤ ይጣፍጣል እንጂ አያቃጥልም። ያን ቀን እንደ ተከዳ ሰው ነው የከፋኝ።

ዓመቱ ሲያልቅ ምደባ ተለጠፈ። የንግድ ትምህርት ቤቱ እኔን አልተቀበለኝም፤ ስኮላርሺፔም ወደ አንድ የጨርቃ ጨርቅ ሙያ ትምህርት ቤት ተዛውሯል። ከድር መሐመድ ግን ገብቷል። ከድር የድሬዳዋ ልጅ ነው፣ ቋንቋ አብረን የተማርን የናፍቆት ጓደኛዬ። ዝምድና የለንም፤ የአባቶቻችን ስም ነው የሚመሳሰለው። በሒሳብ ደካማ መሆኑን ራሱ ስለሚያውቅ እሱም ገርሞታል።

ወደ ተማሪዎች ማኅበራችን ሊቀመንበር ሄድኩ።

«የቅበላ ኮሚቴው ተሳስቷል ነው የምትይው?» አለኝ።

«ሳይሳሳት አይቀርም።»

«ኮሚቴ አይሳሳትም። የሚሳሳተው ግለሰብ ነው። እዚህ ያለሽው ግለሰብ ደግሞ አንቺ ነሽ።»

አልፈረድኩበትም። እኛ በመጣንበት አገር ውሳኔን ለምን ያለ ሰው ቀበሌ ይጠራል፤ ተጠርተው ያልተመለሱም ነበሩ። ሦስት ቀን እህል አልቀመስኩም። በአራተኛው የንግድ ትምህርት ቤቱ ቅበላ ክፍል ገባሁ።

ኃላፊዋ ወይዘሮ ኢሎና የሚባሉ ጠጉራቸው የሸበተ ሴት ናቸው። ወንበር እያሳዩኝ «ቴሼክ» አሉ፤ ግቢም፣ እንኪም፣ ተቀመጪም እዚያ ቴሼክ ነው። ቅሬታ አለኝ ስላቸው አልተቆጡም። ወረቀት ሰጡኝ። አራት ገጽ ጻፍኩ፤ ስለ እናቴ፣ ስለ እንባዬ፣ ስለ ከድር ሒሳብ ሳይቀር። እስከ መጨረሻው አንብበው መለሱልኝ።

«ስለ ጓደኛሽ የጻፍሽውን አውጪው፤ የሱ ጉዳይ የሱ ነው። ለቅሶውንም አውጪው፣ አምንሻለሁ። ውሳኔው ምን ይላል፣ የቱ ላይ ተሳስቷል፣ ምን እንዲደረግልሽ ትፈልጊያለሽ? ይኸው ነው።»

አንድ ገጽ ሆነ። ማኅተም መትተው ቅጂውን ሰጡኝ፣ መልስ የማገኝበትን ቀንም ጻፉበት። የራሴ አቤቱታ፣ ማኅተም አርፎበት፣ በእጄ። ትራሴ ሥር አድርጌው ነው የተኛሁት።

ባሉት ቀን ጠሩኝ። ውሳኔውን የፈረሙት ዳይሬክተር ተቀምጠዋል። እኔ ስገባ ብድግ አሉና፣ የራሴን ውሳኔ ራሴ ልመረምር አይገባም ብለው በሩን በቀስታ ዘግተው ወጡ። ያን ጊዜ የተሰማኝን ዛሬም በወጉ መናገር አልችልም። አንድ ትልቅ ሰው በእኔ ጉዳይ ከራሱ ቢሮ ወጣ። ወይዘሮ ኢሎና ሁለት ፋይሎች ጎን ለጎን ከፈቱ። እዚያ አገር የቤተሰብ ስም ይቀድማል፤ ለእነሱ ሁለታችንም መሐመድ ነን። የፈተና ውጤታችን ተለዋውጦ ነበር የታሰረው።

ደስታዬ እስከ ደጁ አልዘለቀም። ከድርን ከእኔ በፊት ለብቻው ጠርተው ነግረውታል፤ እሱም አቤት ማለት እንደሚችል አስረድተው፣ ወረቀቱን የሰጡት እኚያው ሴት ናቸው። ጻፈ፣ አልተሳካለትም። ወደ ጨርቃ ጨርቁ ሊሄድ ሻንጣውን ሲያስር አገኘሁት።

«አቤቱታሽን አሳይተውኛል፤ ስለ እኔ አንድ ክፉ ቃል የለበትም» አለኝና አቀፈኝ።

አራቱን ገጽ አላየም። አልነገርኩትም።

በሳምንቱ ጎረቤታችን ቤት ደወልኩና አባቴን አስጠራሁ። አባቴ ዕድሜውን በሙሉ በአንድ መሥሪያ ቤት አቤቱታ ሲቀበል የኖረ ጸሐፊ ነው። ከዳይሬክተሩ የመጣልኝን ደብዳቤ በአማርኛ አነበብኩለት፤ ስሕተቱ የእኛ ነው፣ ይቅርታ እንጠይቃለን ይላል።

«እሱ ራሱ ፈረመበት?» አለኝ።

«አዎ፣ አባባ።»

እስኪ ድገሚልኝ አለ። ደገምኩለት።  ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ትምህርትሽን ስትጨርሺ ለመምጣት አትቸኩዪ» አለኝ።

እሺ አልኩት። ነይ እንዲለኝ ነበር የደወልኩት።