ወፍጮው በገባ ሰሞን

የሞተር ወፍጮ አሰላ እኛ ሰፈር የተተከለው እኔ የስምንት ዓመት ልጅ ሳለሁ ነው። ዱግ ዱግ የሚለው ድምፁና የናፍጣው ሽታ ቤታችን ድረስ ይመጣ ነበር። ያስመጡት ሐጂ ኑሪ የሚባሉ የእህል ነጋዴ ናቸው። ከኢተያ አቅጣጫ ሳይቀር ሰው ስንዴውን በአህያ እየጫነ መጣ። ሴቱ ሁሉ ከድንጋይ ተገላገልን ብሎ መረቃቸው።

እናቴ ግን የሰው እህል እየፈጨች ነበር የምታሳድረን። አባቴ ከሞተ ወዲህ፣ እሷና ጎረቤታችን አዴ ሻምሲ በየድንጋያቸው ጎን ለጎን ተንበርክከው፣ አንዷ በአማርኛ አንዷ በኦሮምኛ እያንጎራጎሩ የባለጸጎቹን ገብስና ስንዴ ይፈጩ ነበር።

ሞተሩ በገባ በሳምንቱ እህል የሚልክልን ጠፋ። መጀመሪያ ቁርስ ቀረ፤ ቀጥሎ እራት። ታናሽ ወንድሜ እያለቀሰ ይተኛ ነበር። በኋላ ማልቀሱንም ተወው፤ እናቴን ያስፈራት እሱ ነው። እሷና አዴ ሻምሲ እኛን ለሌላ ጎረቤት አደራ ሰጥተው፣ ሞተር ወዳልደረሰበት ወደ ዲክሲስ ሄደው ሥራ ጠየቁ። እዚያ ሁሉም ለራሱ ይፈጫል። በሦስተኛው ቀን እግራቸው አባብጦ ባዶ እጃቸውን ተመለሱ።

አንድ ጠዋት እናቴ ወንድሜን አዝላ፣ የእኔን እጅ ይዛ፣ ከአዴ ሻምሲ ጋር ወፍጮ ቤቱ በር ላይ ቆመች። ሐጂ ኑሪ ዱቄት በዱቄት ሆነው ወጡ።

«ሐጂ፣ መልካም ሥራ ሠሩ፤ አገሩ አርፏል» አለች እናቴ። «የእኛ የሁለታችን እንጀራ ግን ይኸው ነበር።»

«ምን ላድርግ እህቴ? ሞተሩን የሚይዙት ወንዶች ናቸው።»

«እህሉ ሳይለቀም እየተፈጨ ሰው ጠጠር እየበላ ነው። እኛ እናበጥራለን፤ እንለቅማለን።»

ሐጂ ከልብሳቸው ላይ ዱቄቱን አራገፉ። «እውነትሽን ነው። ግን አሁን የምችለው አንድ ሰው ነው።»

አዴ ሻምሲ ልጅ አልነበራትም። እናቴ ጀርባ ላይ አንገቱን የጣለውን ወንድሜን አየችና «አንቺ ግቢ» ብላት ሄደች። በሳምንቱ ቤቷን ዘግታ፣ ጢቾ ወዳሉ ዘመዶቿ ነው የምሄደው ብላ ወጣች። እናቴ አልሸኘቻትም። በሩን ዘግታ ስታለቅስ ዋለች።

እኛ ዳቦ በላን። ከእናቴ ጎን ልፈጭ የነበርኩት እኔ ትምህርት ቤት ገባሁ። ዓመት ሳይሞላ ሐጂ ሌላ ሞተር ጨምረው አራት ሴቶች ቀጠሩ። እናቴ ጢቾ ለሚወርድ ነጋዴ ሁሉ «ሥራ አለ፣ ነይ በሏት» እያለች መልእክት ሰደደች። አዴ ሻምሲን ያገኘ የለም።

ዛሬ ፋብሪካ ተመረቀ ሲባል እኔም እንደ ሰው ደስ ይለኛል፤ ያስተማረኝ ወፍጮ ነው። ግን ሁልጊዜ «እስከ ዛሬ በዚያ ሥራ ያድር የነበረውስ የት ይግባ?» እላለሁ። ልጆቼ «እማዬ ደግሞ ጀመረች» ብለው ይስቃሉ። እነሱ አዴ ሻምሲን አያውቋትም።