የመምሬ ይግዛው ፍሬንና የጥላዬ ቀኝ እግር

በመካነ ኢየሱስ የመንጃ ፈቃድ ተፈታኝ ከሞት ቀጥሎ የሚፈራው ጥላዬን ነበር። ጥላዬ የተግባር ፈተና ፈታኝ ነው። ወደ መኪናው የሚገባው ሻይ ጢም ያለበት ብርጭቆ ይዞ ነው። «ነዳጁን ቀድመህ ልቀቅ፤ ፍሬኑን በቀስታ እርገጥ፤ ቁልቁለት ከሆነ በከባድ ማርሽ ውረድ» ይላል። ተፈታኙ ፍሬን ሲይዝ ሻዩ ከፈሰሰ፣ በቃ ወድቋል። የጤና ጣቢያዋን ነርስ ፍቅርተን የጣላት ሱሪው ላይ ባረፈች አንዲት ጠብታ ነው። ያቺን ጠብታ ከተማው እስከ ዛሬ ያለቅሳታል።

ይህ ሁሉ ዝና ያከተመው መምሬ ይግዛው የተፈተኑ ዕለት ነው።

መምሬ ይግዛው የጥላዬ የንስሐ አባት ናቸው። አዲስ አበባ ያሉ የአጥቢያው ልጆች ለቤተ ክርስቲያኑ ፒክአፕ ላኩና ማን ይንዳት ሲባል፣ «ሌላው ሁሉ ይጠጣል» ተብሎ እሳቸው ተመረጡ። በፈተናው ቀን ጥምጥማቸው ጣሪያውን እየታከከ፣ ጭራቸውን መስታወቱ ሥር አስቀምጠው መሪውን ጨበጡ። ጥላዬ መስቀል ተሳልሞ ገባ። ሻዩን ይዞ መግባት አፈረ።

ወደ ሚካኤል የሚወስደውን ቁልቁለት ሲጀምሩ ገብስ የተጫኑ አህዮች መንገዱን ማቋረጥ ያዙ።

«ፍሬን፣ አባ! ፍሬን!»

መምሬ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ መሪውን ለቀው አማተቡ።

የማሠልጠኛ መኪና በፈታኙም በኩል አንድ ፍሬን አላት። የጥላዬ ቀኝ እግር ባለቤቱን ሳያማክር ሄዶ ረገጠው። መኪናዋ ቆመች። ፊት መሪዋ አህያ ታርጋውን አሽትታ አለፈች።

መምሬ ዓይናቸውን ገለጡ። «አየህ ጥላዬ? ሚካኤል አቆማት!»

ፈታኝ ፍሬን ከነካ ተፈታኙ እዚያው ወድቋል፤ ደንቡ ይኸው ነው። ጥላዬ ይህን ሊናገር አፉን ከፈተ። የወጣው ግን «እንኳን ደስ ያለዎት፣ አባ» ነበር።

ተአምሩ ከመኪናዋ በላይ ፈጠነ። እሑድ ቅዳሴ ሲያልቅ አህዮቹ ሦስት ነበሩ። ማኅበር ላይ አንድ መንጋ ሞሉ። አርብ ገበያ ሲደርሱ ሲሚንቶ የጫነ ኢሱዙ ሆነዋል፤ ኢሱዙው ደግሞ ፍሬን የለውም።

የጥላዬ እግር ታመመ። ሚካኤል በተባለ ቁጥር ወለሉን ድም ያደርጋል። «ምን ነካህ አንተ?» ትላለች ሚስቱ ትዝታ። «ደንዝዞኝ ነው» ይላል። እህል አልበላ አለው። ንስሐ ልግባ እንዳይል የሚገባው እዚያው መምሬ ዘንድ ነው። በመጨረሻ የማያውቁት ቄስ ፍለጋ በአክስቱ ልጅ በዘመኑ ሚኒባስ ወገዳ ወረደ። በየኩርባው ወለሉን ሲረግጥ ምንጣፉን በሳው።

እዚያ አንድ ሽማግሌ ቄስ ፊት ተንበረከከ። «አባ፣ ከመካነ ኢየሱስ ነው የመጣሁ፤ መንጃ ፈቃድ ፈታኝ ነኝ...»

ሽማግሌው ብድግ አሉ። «ሚካኤል ያቆማት መኪና ውስጥ የነበርከው አንተ ነህ? ና ልጄ፣ ለሕዝቡ መስክር!»

ሊናዘዝ የሄደው ሰው መስክሮ ተመለሰ።

የሚካኤል ንግሥ ዋዜማ እናቱ ወይዘሮ ዘነበች ነጠላቸውን እያጠፉ፣ «ነገ ጋቢና ከመምሬ ጎን ነኝ» አሉት። «ሌሎቹ እናቶች ከኋላ ይጫናሉ። ቁልቁለቱን ምን አስፈራን? የሚያቆመው ሚካኤል ነው።»

የጥላዬ እግር ድም አለ። ከዚያ ሮጠ።

መምሬ ፒክአፗን እያጠቡ ነበር።

«አባ ይፍቱኝ። ያን ቀን ያቆማት ሚካኤል አይደለም። እኔ ነኝ፤ በዚህ እግሬ።»

መምሬ እግሩን አዩት፤ ቆይተውም ጫማውን። «እና ይሄን ሁሉ አገር እልል ያስባልሁት ለዚህ ነው?»

«ለዚህ ነው፣ አባ። ሳይገባዎት አሳለፍኩዎት።»

መምሬ ባልዲው ላይ ቁጭ አሉ። «እኔም አንድ ነገር ልንገርህ። ሦስት መርገጫ አለ፤ ፍሬኑ የትኛው እንደሆነ ጠፋኝ። ወደ ሚካኤል የዞርሁ ሌላ መርገጫ ስለሌለኝ ነው።» መንጃ ፈቃዳቸውን ከጥምጥማቸው እጥፋት መዝዘው ሰጡት። «ቀኖናህን ስማ። ነገ እናቶችን አንተ ታወርዳለህ። ንስሐ ምስጢር ነው፤ እኔ ልናገርልህ አልችልም፤ ራስህ ትነግራቸዋለህ። ሰኞ ደግሞ ደብረ ታቦር ሄደህ ለአለቃህ ትናገራለህ።»

በማግሥቱ ጥላዬ መምሬንና እናቱን ጋቢና አስቀምጦ፣ ሌሎቹን ከኋላ ጭኖ እያወረዳቸው አህዮቹ ያቋረጡባት ቦታ ሲደርሱ ከኋላ እልልታው ቀለጠ። በቀስታ ፍሬን ያዘ፤ ሻይ ቢኖር አይፈስም ነበር። የእጅ ፍሬኑን ስቦ ወረደ።

«እናቶቼ፣ መምሬ ፈተናውን አላለፉም፤ እኔ ነኝ ያሳለፍኳቸው። መኪናዋንም ያቆምኳት እኔ ነኝ፤ በእግሬ።»

እናቶቹ ተያዩ። አሮጊቷ ዘርፌ ግን፣ «እግርህንስ ማን አነሣልህ?» አሉ። እልልታው ከበፊቱ ባሰ። አንዷ ጫማውን ልትሳለም ጎንበስ ስትል ጥላዬ ከእፍረቱ ብዛት ጉድጓድ ፍለጋ መሬቱን ቃኘ።

ወይዘሮ ዘነበች ከጋቢናው ወረዱ። «ዝም በሉ እስቲ! ጥላዬ፣ ሌላስ ማንን ነው እንዲህ ያሳለፍከው?»

«ማንንም፣ እምዬ። እሳቸው ብቻ ናቸው።»

ቀኝ እግሩ ጠጠሩን ድም አደረገ። እናቱ እግሩን አዩት።

«ጥላዬ!»

«እሳቸውና... ዘመኑ።»

«የትኛው ዘመኑ? የኛው? ሚኒባሱን የሚነዳው?»

እልልታው ቀጥ አለ። ዘርፌ ትናንት ከደብረ ታቦር የመጡት በዚያው ሚኒባስ ነው፤ ወዲያው ራሳቸውን፣ ጉልበታቸውን፣ ክንዳቸውን ይዳብሱ ጀመር።

መምሬ በመስኮቱ አንገታቸውን አወጡ። «ሰኞ ወደ አለቃህ ስትሄድ ዘመኑንም ይዘኸው ትሄዳለህ።»

«እሺ፣ አባ። በማለዳ እንነሣለን።»

«በእግራችሁ።»