ለሐሙስ የታዘዘ ፎቶ

«ለቀብሬ የሚሆን ትልቅ ፎቶ አንሺኝ» አሉኝ፣ የመጀመሪያዋ ደንበኛዬ!

ቅዳሜና እሁድ ሰርግ እያነሳሁ ስንት ዓመት ለፍቼ፣ ከጸሐፊነቴ ለቅቄ፣ ዛሬ ሮቤ ላይ የራሴን ፎቶ ቤት ከፈትኩ። አልሐምዱሊላህ፣ ደስታዬን አልችለውም! ግን እኚህ ከጎባ የመጡ እናት...

«ምነው እማማ፣ አመመዎት እንዴ?»

«ደህና ነኝ። ብቻ ለሐሙስ ይድረስልኝ።»

«ሐሙስ ምን አለ?»

ነጠላቸውን አስተካክለው ተነሱ። ሊወጡ ሲሉ ግን «እኔ ካልመጣሁ ልጄ ይወስደዋል» አሉኝ።

የቢሮ ደብዳቤ ስጽፍ እንዲህ ፈርቼ አላውቅም!

ፎቶው እንዴት አምሮ እንደወጣ! ፈገግታቸውን ባየሁ ቁጥር ግን ፎቶውን ገልብጬ አስቀምጠዋለሁ።

ሐሙስ በሩ ሲንኳኳ ልጃቸውን እንዳላይ ዱዓ አድርጉልኝ። የእናንተስ የመጀመሪያ ደንበኛ ምን ብሎ አስደነገጣችሁ?