ቀለም ያልጠጣ ክር

እናቴ ይቅር ባይ አይደለችም። መቼም ሰው ሲሞት «ደግ ነበረች» ይባላል፤ ስለ እሷ እንዲህ ያለ ውሸት እንዳይወራ ከአሁኑ እጽፈዋለሁ።

ሃያ ሁለት ዓመት የሆስፒታል አንሶላ አጥባለች። ደም ቢሆን፣ አዮዲን ቢሆን፣ ከእጇ ያመለጠ እድፍ የለም። ያልለቀቃት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የትምህርት ቤቴ ዳይሬክተር እኔ ላይ የሠራው ሥራ።

ትምህርት ቤታችን የመንግሥት ነው፣ ክፍያ የለውም። ግን ዳይሬክተሩ የዩኒፎርሙን ቀለም በየጊዜው ይለውጣል፤ አዲሱ የሚገኘው ደግሞ ከሚስቱ ወንድም ሱቅ ብቻ። ስምንተኛ ክፍል ስገባ ከቢጫ ወደ ውሃ ሰማያዊ ተለወጠ። በቢጫዬ ብሄድ በሩ ላይ አስቆመኝ። እናቴ የሥራ ሽርጧን ሳታወልቅ መጥታ እስከ ደመወዝ ቀን እንዲታገሰኝ ለመነችው።

«ማልበስ ካልቻልሽ ቤት አስቀምጫት!» አላት፣ ልጁ ሁሉ እየሰማ።

ዩኒፎርሙ እስኪገዛ የስምንተኛ ክፍል ፈተና ምዝገባ አለፈ። የሚመጣው ዓመት እመለሳለሁ ስል ሥራ ያዘኝ፤ ከእናቴ ጎን ቆሜ አንሶላ አጣቢ ሆንኩ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም።

በሦስተኛው ዓመት ታናሽ እህቴ ስምንተኛ ደረሰች። ለየወላጁም ማኅተም ያለበት ወረቀት ተላከ፤ ከዘንድሮ ጀምሮ ጥቁር ሰማያዊ፣ ከተጠቀሰው ሱቅ ያልተገዛ አይገባም ይላል። እናቴ አንብባ ሳቀች።

«የማይነከር ቀለም ሞልቶለት፣ በውሃ ሰማያዊ ላይ የሚነከረውን መረጠ! እሱ እቴ፣ ራሱ እጄ ላይ መጣልኝ።»

ግቢያችን ውስጥ በርሜል ተጣደ። መጀመሪያ በአሮጌ ጨርቅ ሞከረች፤ ዥጉርጉር ወጣ፣ ጅብ መሰለ። ጨው ጨመረች፣ ውሃው ፈልቶ ሳያቋርጥ ይማሰል አለችኝ፣ ያኔ ተስተካከለ። ወሬው ሰፈሩን አዳረሰ፤ እናቶች ያምናውን ዩኒፎርም በፌስታል ይዘው ተሰለፉ።

«ዋጋው ስንት ነው?»

«አፍሽን መዝጋት። ቀለሙን ብቻ አዋጪ።»

ጎረቤታችን ጡረተኛው ነርስ ግን ነገሩ አልጣመውም። «ልጄ፣ ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ነው» አላት።

«ጋሼ፣ እኔ ጸሎትም ስርቆትም አልያዝኩ። ልብስ ነው የምነክረው።»

አንድ ነገር ግን አስጨነቀኝ። ጨርቁ ጠቆረ እንጂ የስፌቱ ክር ቀለም አልጠጣም፤ በየአንገትጌው ዙሪያ ውሃ ሰማያዊ ሆኖ ቀረ።

«እማዬ፣ ይታወቃል እኮ! እህቴንም ሊያስቀሩብን ነው?»

«ይታወቅ። እንዲያይልኝ ነው የምፈልገው።»

ትምህርት በተከፈተ ቀን እኔና እናቴ ከነሥራ ሽርጣችን እህቴን ይዘን ስንደርስ ዳይሬክተሩ በሩ ላይ ቆሟል። ሱቁ ዩኒፎርም ታጭቆ ዝንብ እሽ ይላል፤ ተማሪው ሁሉ ደግሞ ከጫፍ እስከ ጫፍ ጥቁር ሰማያዊ። ግራ ገባው። የእህቴን አንገትጌ ያዝ አድርጎ ስፌቱን አየና ፊቱ ደም ለበሰ።

«ክሩ የነጣ ሁሉ ይውጣ!»

ወጡ። ግቢው ውስጥ የቀሩት አሥራ ዘጠኝ ልጆች ናቸው። ሌላው እንዳለ እናቴን ተከትሎ ሁለት መንገድ ተሻግሮ የወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ደጃፍ ላይ ተኮለኮለ። እናቴ ማኅተም ያለበትን ወረቀት ለጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ ሰጠቻት፤ ሱቁ የማን እንደሆነም ነገረቻት። ኃላፊዋ አነበበች፣ የልጆቹን አንገትጌ አየች፣ ደግማ አነበበች። ከዚያ በእግሯ አብራን መጣች።

ዳይሬክተሩ ሲያያት ማብራሪያውን ጀመረ፤ ኃላፊዋ «ለዲሲፕሊን ኮሚቴው ታስረዳለህ» ብላ አቋረጠችውና ወደ እናቴ ዞረች።

«አሁን ምን ይደረግልሽ?»

«በሩን እሱ ይክፈት። የመጨረሻው ልጅ እስኪገባ ይዞት ይቁም።»

ከፈተ፤ ያዘው።

«አንድ በአንድ! ቀስ በሉ፣ የሚያሯሩጣችሁ የለም!» ትላለች እናቴ። ፀሐዩ አናት ይበሳል። እሱ የብረቱን በር እንደያዘ፣ ያ ሁሉ ልጅ በፊቱ አንገትጌውን ቀና አድርጎ አለፈ። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ! አልዋሽም።

እህቴ ገባች፤ ሁሉም ገቡ። ዘበኛው ሊዘጋ ሲጠጋ እናቴ እጇን አነሳች። ከዚያ እኔን፣ እርጥብ ሽርጥ የለበስኩትን የአሥራ ሰባት ዓመት አጣቢ፣ ክንዴን ይዛ ወደ በሩ ገፋችኝ።

«ይቺ ቀርታለች» አለችው።

ዓይኑን መሬት ላይ ጣለ፣ በሩን ግን አለቀቀም። እኔም ከሁሉም ቀስ ብዬ ገባሁ።