የለቅሶ ቤቱ ዓሣ

ዛሬ ጠዋት ከሥራ አስኪያጄ ከሰዓዳ እጅ የዓሣ ቤቱን ቁልፍ ተቀበልሁ።

ቤቱ የእኔ ነው፤ ስሙና የቅመሙ አሠራር ግን የአዲስ አበባ ድርጅት ነው። ምስጢሩ በሥራ አስኪያጄ በኩል ቢወጣ ተጠያቂው እኔ ነኝ ብዬ ፈርሜያለሁ። እሷም ፈርማለች።

ባለፈው ወር ዓባይ ማዶ ሰፈር፣ በሰዓዳ ጎረቤት ቤት ለቅሶ ሆነ። በድርጅቱ ቅመም ዓሣ ሠርታ ወሰደች። ሴቶቹ "ምን ገባበት?" ሲሏት ነገረቻቸው። አንዷ አሁን መንገድ ዳር ትሸጠዋለች።

ወሬው አዲስ አበባ ደረሰ። "ወይ እሷን አሰናብት፣ ወይ ስማችንን አውርድ" አሉኝ። ስሙ ከወረደ ሌሎቹ ሠራተኞችም ይበተናሉ።

"ምነው ዝም ብትዪ?" አልኋት ዛሬ ቁልፉን ስትሰጠኝ።

"ጋሼ፣ አብሬ እያለቀስሁ ሙያ ልደብቃቸው?"

"ፈርመሻል እኮ።"

"አዎ። እኔንም የሚቀብሩኝ እነሱ ናቸው።"

ይህን ለድርጅቱ ብጽፍላቸው በየትኛው አንቀጽ እንደሚመድቡት እንጃ።

የምሳውን ዓሣ በቅመም ለውሳ ነው የሄደች። አንድ ደንበኛ በልቶ ሲወጣ "የሠራችውን፣ እጅሽ ይባረክ በልልኝ" አለኝ። እሺ አልሁት።

ጥፋት ያላያችሁበትን ሰው በፊርማችሁ ምክንያት ያሰናበታችሁ ካላችሁ፣ ቀኑን እንዴት ዋላችሁ?